ባሌ የሚጠብቀው መርፌ

ገና ያልመጣ መድኃኒት እየጠበቀ በእጁ ያለውን የተወን ሰው ምን ብለው ይመልሱታል? እኔ እስካሁን አላወቅኩም።

እኔና ባሌ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማችን አለ፤ ልጃችን ግን ነፃ ናት። እኛ ያለንበት የሚዛን ከተማ ሰው እንዳያየን መድኃኒታችንን ከቴፒ ነው የምናመጣው። ባለፈው ቀጠሯችን ሲደርስ ባሌ «ብቻሽን ሂጂ፣ እኔ ትቻለሁ» አለኝ። ደንግጬ «ለምን?» ስለው ስልኩ ላይ ያነበበውን ዜና አሳየኝ። ኪኒኑንና አንቲቦዲ የሚባል መርፌ አንድ ላይ የተሰጣቸው ጦጣዎች፣ በኋላ ኪኒኑን ቢያቆሙም ቫይረሱ አልተነሳባቸውም ይላል። «ጦጣ እንኳ ከኪኒን ዐርፋለች፤ እኔ እስከ መቼ ልዋጥ?» ብሎ ሳቀ።

ቴፒ ስደርስ መድኃኒቱን ለምትሰጠን ሲስተር ነገርኳት። «እህቴ፣ ወሬው ውሸት አይደለም» አለችኝ። «ግን ገና ምርምር ነው፤ መርፌው እኛ ጋ የለም። ጦጣዎቹም ያቆሙት መርፌውን ከተወጉ በኋላ ነው። ያንቺ ባል ግን ምንም ሳይወጋ ነው ያቆመው። ቫይረሱ ይነሳበታል፤ ቶሎ አምጪው።»

ቤት ገብቼ ስነግረው «እሷ ራሷ ውሸት አይደለም ካለች ይመጣል ማለት ነዋ! እጠብቃለሁ» አለ። አሁን ሳል ጀምሮታል። «ሥራ ቦታ ያለው የቡና ገለባ አቧራ ነው» ይለኛል። ማታ ማታ ሲያልበው ልብሱን የምቀይርለት ግን እኔ ነኝ።

ለወንድሙ ብነግር ባሌ እሱን ይሰማው ይሆናል፤ ግን ያኔ ዘመድ ሁሉ ቫይረሱ በሁለታችንም ደም እንዳለ ያውቃል፤ ባሌም ምስጢራችንን አወጣሽ ብሎ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ እፈራለሁ። ዝም ብል ደግሞ ልጄ ያለ አባት መቅረቷ ነው። እናንተ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር? እባካችሁ ምከሩኝ።