የጋሽ ሜትር ግራ እጅ

ልብስ ሰፊው ጋሽ ሜትር ይህን ስም ማን እንዳወጣላቸው ራሳቸውም አያስታውሱም። አርባ ዓመት ሙሉ መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳያወርዱ ኖረዋል፤ ምሳ ሲበሉም፣ የታመመ ሲጠይቁም እዚያው ናት። ካለፉት አራት ወራት ወዲህ ግን ሜትሯ ሚስማር ላይ ተሰቅላ ቀርታለች። ኩላሊታቸው ሥራውን ስላቆመ፣ ደማቸውን የሚያጥበው ማሽን የሚገናኝበት ቱቦ አንገታቸው ሥር ገብቷል።

የዚያን ቀን እጥበት ክፍል ሲገቡ የተለመደችው ነርስ የለችም። በእሷ ፋንታ የቆመች ወጣት ካርዳቸውን አነበበችና ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጋሽ ሜትር! የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እኮ እርስዎ ነዎት! እጅጌውን አሳጥረውብኝ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ።»

«አንቺ ነሽ እንዴ? እጅጌው መች አጠረ! አንቺ ነሽ በአንድ ክረምት የተመዘዝሽው!» ብለው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ከልባቸው ስቀው አያውቁም።

ነርሷ ካርዱን ገለጥ አድርጋ ሳቋን ዋጠች። «ቱቦው አመርቅዞ ሁለት ጊዜ ተኝተዋል። ክንድዎ ላይ በቀዶ ጥገና ፊስቱላ ይሠራልዎ ሲባል ደግሞ ሁለቴ እምቢ ብለዋል።»

«ብያለሁ። እኔ የምኖረው በእጄ ነው፤ ደህና እጄን ለቢላዋ አልሰጥም! ቱቦው እንደሆነ ሥራውን እየሠራ ነው።»

«ይሠራል፤ ግን በሩን ከፍቶ ነው የሚሠራው። ጫፉ ልብዎ ዘንድ ደርሷል። በእሱ በኩል የገባ ጀርም በቀጥታ ደምዎ ውስጥ ነው። ሁለቴ ተርፈዋል ጋሼ፤ ሦስተኛውን እኔ እፈራለሁ።»

ጋሽ ሜትር ባለፈው በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ አልጋው እንዴት ይንኳኳ እንደነበር ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም። ምራቁን የዋጠ ሰውም ቢሆን የለመደው አደጋ ካልለመደው መድኃኒት ይሻለው ይመስለዋል።

«እስቲ ንገሪኝ፤ ምን ሊያደርጉኝ ነው?»

«ክንድዎ ላይ ደም ከልብ በኃይል የሚያመጣ ደም ስር አለ፤ ቀስ ብሎ ወደ ልብ የሚመልስም አለ። ሐኪሙ ሁለቱን ያጋጥማቸዋል። ኃይለኛው ደም ሲገባበት የሚመልሰው በጥቂት ወራት ይሰፋል፣ ይወፍራል። ከዚያ በኋላ መርፌው የሚገባው እዚያ ነው። ቱቦው ይወጣል፤ እርስዎም እንደ ሰው ገላዎን ይታጠባሉ።»

«ስፌቱ ቢተረተርስ?»

«እርስዎ የሰፉት ሱሪ ይተረተራል?»

«የኔ? ሞቼ ልገኝ!»

«እሱም ከፀጉር በቀጠነ ክር የሚሰፋ ሰፊ ነው። አልዋሽዎትም፣ አንዳንዴ ደም ስሩ አልሰፋ ይላል፤ ያኔ ሌላ ቦታ ይሞከራል። የሚሠራው ደግሞ ግራ እጅዎ ላይ ነው፤ መቀስ የሚይዙበትን ማንም አይነካውም።»

ይህን ጊዜ ከጎናቸው የተኛው የታክሲ ሹፌር አላስችል አለው። «ጋሼ፣ እኔን ይጠይቁኝ እንጂ! ከተሠራልኝ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በዚሁ እጅ መሪ እይዛለሁ። ይንኩት እስቲ!»

ጋሽ ሜትር ጣታቸውን ሹፌሩ ክንድ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ይሄማ የስፌት መኪናዬ ነው! ፔዳሉን ስረግጥ ልክ እንዲህ ነው የምትነዝረው! በሉ አስመዝግቡኝ፤ መኪና ከሆነ እኔ አውቅበታለሁ!» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ቀዶ ጥገናው ባማረ ሁኔታ ተጠናቀቀ። ነርሷ ትእዛዙን እንደ ትምህርት ቤት ልጅ አስጠናቻቸው። በዚያ እጅ ደም አይቀዳም፣ ግፊት አይለካም፣ ሰዓት አይታሰርም፣ ከባድ ዕቃ አይንጠለጠልም፣ አይተኙበትም። ጠዋትና ማታ ንዝረቱን ይዳስሱ፤ ከደከመ ወይም ከጠፋ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። ጋሽ ሜትርም ሰዓታቸውን አውልቀው ለልጃቸው ሰጡ፤ ደም ስሩ ቶሎ እንዲሰፋም የጎማ ኳስ ሲጨብጡ ዋሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደንበኛ አቁመው ኮት እየለኩ ሳለ እጃቸውን ዳሰስ አደረጉ። ንዝረቱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ደንበኛውን ባለ አንድ እጅጌ ኮት እንደለበሰ ትተው እግሬ አውጪኝ አሉ!

«ሞተች! መኪናዬ ቆመች!» እያሉ እጥበት ክፍል ገቡ።

ነርሷ እጃቸውን ያዝ አድርጋ አፈጠጠች። «ይሄ ምንድን ነው?»

ጋሽ ሜትር አዩት። ስፒል የሚሰኩባት ትንሽ ትራስ፣ እዚያው ግራ እጃቸው ላይ በላስቲክ ጥብቅ ብላ ታስራለች። አርባ ዓመት ሙሉ ሱቅ ሲገቡ ይህቺን ማሰር እንደ መተንፈስ ነው።

«ሰዓት አልሽ እንጂ ስለ እሷ መች ነገርሽኝ?» አሉ፣ ላስቲኩን ለመፍታት እየታገሉ።

ላስቲኩ ተፈታ። ሐኪሙ በመሣሪያ አየና «ደሙ አልረጋም፤ ደርሰንበታል» አለ። ጋሽ ሜትር ጣታቸውን ሳያነሱ ጠበቁ። ቆይቶ፣ ከሥር ቀስ ብሎ ነዘረ።

«መጣች! መጣች!» ሐኪሙን አቀፉት።

ያቺ ትራስ ከዚያ ወዲህ ኮታቸው ደረት ላይ ተሰፋች። ደም ስሩ ሰፋ፣ መርፌው እዚያ ገባ፣ ቱቦው ወጣ። ትኩሳቱ ቀረ፣ እጥበቱም እንደ ድሮው አያዳክማቸውም፤ ከታመሙ ወዲህ ያላዩትን ሻወር አግኝተው ከውስጥ ሲዘፍኑ ጎረቤት ሰማ። እጥበት ክፍል አዲስ ታማሚ መጥቶ ሲያመነታ ካዩም «ና ንካ!» ብለው ክንዳቸውን ይዘረጋሉ።

ቱቦው በወጣ በሳምንቱ ሲመጡ አንገታቸው ላይ ሜትራቸው ነበረች። ነርሷ ሜትሯን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ነይ ቁሚ» አሏት፣ ሜትሯን እየሳቡ። «ጋዋን ልሰፋልሽ ነው። እጅሽን ዘርጊ፤ ዛሬ እጅጌው አያጥርም።»