ሞተሩን የማጠፋበት ማሳ

እኔ እዚሁ ሮቤ ዙሪያ ኮምባይነር የምነዳ ሴት ነኝ። ሥራውን ስጀምር አባቴ «ይሄ የሴት ሥራ አይደለም፤ የሰው ስንዴ ታበላሺያለሽ» ብሎኝ ነበር። አምና የጎረቤታችንን ማሳ አጭጄ ስጨርስ ሰማዩ ጠቁሯል። አባዬ ከድንበሩ ማዶ ጎንበስ ብሎ፣ ብቻውን በማጭድ ያጭዳል። ወረድኩና «አባዬ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን ልጨድልህ?» አልኩት። ቀና እንኳ ሳይል «ሰው ቀጥሬአለሁ፤ እየመጡ ነው» አለኝ። ማንም አልመጣም። ዝናቡ ሳምንት ሙሉ ወረደበት፤ ስንዴው ዛላው ላይ እንዳለ በቀለ።

አለቀስኩ፤ መንዳቱን ግን አልተውኩም። ዘንድሮም ገበሬው ወረፋ ይዞ ይጠብቀኛል። በአባዬ ማሳ በኩል ሳልፍ ብቻ ቆም ብዬ ሞተሩን አጠፋለሁ። የኮምባይነር ጩኸት ጆሮ ያደነቁራላ፤ ምናልባት ቢጠራኝ ሳልሰማው እንዳላልፍ ብዬ ነው።