«መሰለኝ» ያስመለሰን ሽምግልና

በእኛ ጊዜ ሰው ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር እንጂ እንደዛሬ ልጆች በየመሃሉ «ምናምን» አይልም ነበር ብየ ልጀምርላችሁ አስቤ ነበር። ግን ሚስቴ የዝና ከጓዳ ሆና ትሰማለች፣ ስትሰማ ደግሞ ዝም አትልም፣ እና እውነቱን ብናገር ይሻላል። በእኛ ጊዜም ነበረ። እኔው ራሴ ነበርኩ። ስልኩን ቀረብ አርጊው ልጀ፣ ድምፄ ይግባ።

የእኔዋ «መሰለኝ» ነበረች። እንዴት እንደያዘችኝ ልንገራችሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሐሰት ምስክር የሚቆጣ ሰው ነበር። «ታከለ፣ ያላየኸውን አየሁ ያልክ ቀን ልጄ አይደለህም» ይለኝ ነበር። ታዲያ እኔ ለጥንቃቄ ብየ ባላየሁት ነገር ላይ «መሰለኝ» እጨምር ጀመር። ቀጥየ ባየሁትም ላይ ጨመርኩ፣ ቀጥየ በእጄ በያዝኩትም ላይ ጨመርኩ። ዝናብ ጋቢየን አርሶት ቆሜ «ይዘንባል መሰለኝ» እላለሁ። ማንኩሳ ገበያ በርበሬ ዘርግቸ ነጋዴው «የእርስዎ ነው?» ሲለኝ «የእኔ ነው መሰለኝ» አልኩት፤ ሰውየው የሰረቅሁት መስሎት ዘወር ዘወር ብሎ አየና ሄደ።

አንድ ቀን ደግሞ ከጤና ጣቢያ አንዲት ልጅ ቤት ለቤት እየዞረች ስትመዘግብ መጣችና «ስንት ልጆች አሉዎት አባባ?» አለችኝ። «አምስት ናቸው መሰለኝ» አልኳት። የዝና በርበሬ እያሰጣች ነበር፣ ቀና ብላ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «ልጅት፣ የወለድኩት እኔ ነኝና እኔን ጠይቂኝ። አምስት ናቸው። የእሱ መሆናቸውን ግን እሱ አጣርቶ እስኪነግርሽ ጠብቂው» አለቻት። ልጅቱ እስክሪብቶዋ ወደቀባት እና ሳቀች፣ የዝናም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ያን ጊዜ ሳቅ ብቻ ነበር።

ታዲያ ታናሽ ወንድሜ ሲሞት የሦስት ዓመት ልጅ ጥሎ ነው የሞተ፣ ልጁ አበጀ ይባላል። እናቱም ብዙ አልቆየች። እኔና የዝና ከአምስቱ ላይ ስድስተኛ አርገን አሳደግነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ፍኖተ ሰላም የውሃ ሞተር ይጠግናል። እና አንድ እሁድ መጣና ፊት ለፊቴ ተቀምጦ መሬት መሬት እያየ «አባባ፣ ቡሬ አንዲት ልጅ ምናምን አለች» አለኝ።

«ያለችው ልጅቱ ናት ወይስ ምናምኗ?» አልኩት።

«ልጅቷ። ትርንጎ ትባላለች። የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ የዘር በቆሎ ትመዝናለች። ሞተር ምናምን ልጠግን ሄጀ ነው የተዋወቅን።»

«እሽ ብላሃለች?»

«እሽም እንቢም አላለችኝም። ሽማግሌ ምናምን ላክና አባቴ ይስማ ብላኛለች።»

«በል ሽማግሌውን እልካለሁ፤ ምናምኑን ግን ራስህ ፈልግ» አልኩት እና ቀጠሮ ያዝን። ትርንጎ ማለት ይችው ናት፣ ከጎንሽ የተቀመጠችው። አትሳቂ አንቺ፣ ገና አልጀመርኩም።

ታዲያ ሦስት ሆነን ሄድን። እኔ፣ መሪጌታ እንዳላማውና አንድ ጎረቤቴ። ጎረቤቴ ዝምተኛ ነው፣ ለሽምግልና የሚፈለገው ጋቢው ነጭ ስለሆነ ነው። የትርንጎ አባት አያ ቢምረው ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው ቤቱ። ወገኑ አዊ ነው፣ በልጅነቱ አፉን የፈታው በአገውኛ ነው፣ አማርኛውን በኋላ ነው የተማረ፣ እና በኋላ ስለተማረው ነው ብየ አስባለሁ፣ አንድም ቃል በከንቱ አይጥልም፣ ሌላው የጣለውንም አያልፍም። ያንን ማን ነግሮኝ።

ደረስን፣ ቆምን። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለን። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን፣ እንደ ወጉ። «እንግዲያ ተናገሩ» አለ። መሪጌታ በዓይናቸው ጠቀሱኝ፣ የልጁ አባት እኔ ነኛ።

«ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን መጥተናል መሰለኝ» አልኩ።

አያ ቢምረው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እሽ። ልጁ ምንዎት ነው?»

«የወንድሜ ልጅ ነው መሰለኝ።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«የውሃ ሞተር ይጠግናል መሰለኝ።»

«ከዚህ በፊት ያገባት ሴት፣ የወለደው ልጅ አለ?»

«የለም መሰለኝ።»

መሪጌታ በመቋሚያቸው ጫማየን ተጫኑኝ። እኔ ግን ምን እንዳጠፋሁ በምን አውቄ። አያ ቢምረው ድምፁን ዝቅ አርጎ «አያ ታከለ፣ ልጁ ያደገው ከማን ቤት ነው?» አለኝ። እና እኔ፣ ይችን አፌን ይያዛትና፣ «ከእኔ ቤት ነው መሰለኝ» አልኩ።

ሰውየው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እንግዲህ» አለ፣ «እኔ ልጄን አውቃታለሁ። እናንተ ደግሞ ልጃችሁን ስታውቁት ተመለሱ» ብሎ እስከ አጥሩ በር ሸኘን። መሪጌታ መንገዱን ሙሉ ከእኔ ሁለት እርምጃ ቀድመው ሄዱ። ጎረቤቴ እንኳ፣ ያ ዝምተኛው፣ «አይ አያ ታከለ» አለኝ።

አበጀ አስፋልቱ ዳር ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ይጠብቀን ነበር። መሪጌታ ነገሩን አንድ በአንድ ነገሩት። ታዲያ ልጁ አንድም «ምናምን» ሳይጨምር «አባባ፣ ከቤትዎ ማደጌንም ይጠራጠራሉ?» አለኝ። ፊቱ ጠቆረ፣ ዞረና የራሱን ሞተር ሳይክል በርግጫ ደለቀው። ሞተር ሳይክሉ ምንም አልሆነ፣ እሱ ግን ሳምንት ሙሉ አነከሰ። ሲያነክስ ባየሁት ቁጥር ያች ጥያቄው ትመጣብኛለች። አባት የሌለው ልጅ ነው፣ አባት ሁኘዋለሁ ብየ ስኩራራ ኖሬ፣ ሰው ፊት ስቆም «መሰለኝ» አልኩበት።

ቤት ገብቸ የዝናን «አጠፋሁ መሰለኝ» አልኳት።

«ይመስልሃል?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርዱ ተጀመረ። ከእርሻ ገብቸ «ርቦኛል መሰለኝ» ስላት መሶቡን ብድግ ታረገውና «እርግጡን ስታውቅ ጥራኝ» ብላ ወደ ጓዳ። «ውሃ ጠምቶኛል መሰለኝ» ስል «እስኪለይልህ ተቀመጥ»። አንድ ቀን እግሬን እሾህ ወግቶኝ «ኧረ ወጋኝ መሰለኝ» እያልኩ ስጮህ፣ እሾሁ ቆሞ እየታያት፣ «ካልወጋህስ በከንቱ ልነቅለው ነው?» አለችኝ። አትሳቁ፣ ከሳሁ እኮ። መቀነቴ ሁለት ዙር ጨመረ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አርጋ ያዘችኝ እና አፌ ቀስ በቀስ መቅናት ጀመረ፤ ቃሉ ሲመጣ ከንፈሬን ገጥሜ እውጠዋለሁ፣ ከዚያ የቀረውን እናገራለሁ።

ታዲያ ተመልሰን ስንሄድ መሪጌታ «አንተ እንድትናገር አይደለም የምትሄደው፣ ለቁጥር ነው» አሉኝ። እሽ አልኩ። ደረስን፣ ቆምን። መሪጌታ ንግግራቸውን ጀመሩ፤ አቤት ንግግር፣ ወይኑን ከሐረጉ፣ ዘሩን ከምድሩ፣ ሰሙን ከወርቁ እያስማሙ፣ እኔ ራሴ የማን ሰርግ ነው ብየ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝ። አያ ቢምረው እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከዚያ «ያማረ ነው መሪጌታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አለ፣ «ግን ልጁን ያሳደጉት እርስዎ አይደሉም። እሳቸው ይንገሩኝ» ብሎ ወደ እኔ።

ጋቢየን ሰብሰብ አረግሁ። እና ጀመርኩ። «ልጁ አበጀ ይባላል» አልኩ፣ ከንፈሬን ገጠምኩ። «የወንድሜ ልጅ ነው።» ገጠምኩ። «ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ እኔ ቤት፣ እኔ መደብ ላይ ነው ያደገው። ልጄ ነው።» እችን ስናገር ድምፄ ተሰበረ፣ አልደብቃችሁም። «አላገባም፣ አልወለደም፣ በእጁ ሠርቶ ያድራል።»

አያ ቢምረው «ቆዩኝ» አለና ወደ ጓዳ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ወጣ። «አንድ ነገር ቀረኝ» አለኝ። «ይቆጣል?»

አሁን ስሙኝማ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ድሮ ቢሆን «አይቆጣም መሰለኝ» ብየ አልፌ ነበር። ውሸት አይሆንብኝም፣ መሰለኝ ብያለኋ። እውነትም አይሆን። ለካ ያች ቃል ዕድሜየን ሙሉ ጥንቃቄ ብቻ አልነበረችም፣ መደበቂያየም ነበረች። አሁን ግን ከሁለት አንዱን ነው የምለው፤ ይቆጣል፣ ወይ አይቆጣም። የመሪጌታ መቋሚያ ጫማየ ላይ ወጣ። የተጫኑኝ ዝም በል ማለታቸው ነው።

«ይቆጣል» አልኩ። «ሲናደድ የያዘውን ይወረውራል። ባለፈው ከዚህ ስንመለስ የራሱን ሞተር ሳይክል ረግጦ ሳምንት አንክሷል። በሰው ላይ፣ በከብት ላይ ግን እጁን ሲያነሳ አንድም ቀን አላየሁም። አይቸ ቢሆን እዚህ አልቆምም ነበር።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የአጥሩን በር እያየሁ ነበር፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። አያ ቢምረው ደግሞ ወደ ጓዳ ዞር ብሎ አየ፣ ከዚያ ወደ እኛ ተመለሰና «ተቀመጡ» አለን። ተቀመጥን። ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ፣ ይኸው ሁለት ልጆች አሏቸው። ሁለት ናቸው፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። የእኔ አፍ ያቀናው ጋብቻ ነው እያልኩ ባገኘሁት ማኅበር ሁሉ አወራዋለሁ። ምነው ትርንጎ፣ ምን ያስቅሻል?

«አባባ፣ ያች የመጨረሻዋ ጥያቄ እኮ የአባቴ አልነበረችም።»

የማን ነበረች?

«የእኔ ናት። ጓዳ ነበርኩ። ይህንን ጠይቅልኝ ብየ የላክሁት እኔ ነኝ።»

ቁጡ እንዳይሆንብሽ ፈርተሽ ነዋ።

«ቁጡ መሆኑንማ አውቅ ነበር። ቡሬ ገበያ የተበላሸ መለዋወጫ ከሸጠለት ሰው ጋር ሲጨቃጨቅ አይቸዋለሁ። ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ጥሎ ረገጠው። የራሱን ባርኔጣ።»

ታዲያ ካወቅሽ እኔን ምን ያስጠይቀኛል?

«እርስዎን ላውቅ ነዋ፣ አባባ። እሱን ካገባሁ ነገ አንድ ነገር ቢደርስብኝ አቤት የምለው እርስዎ ዘንድ ነው። ዛሬ ለልጁ ብሎ የሚዋሽ ነገ ለእኔ አይፈርድልኝም ብየ ነው። አይቆጣም ቢሉ ኖሮ ለአባቴ እንቢ በልልኝ ልለው ነበር።»

ሰማችሁ? እኛ ሙሽራ እያስመረመርን መስሎኝ፣ ለካ የተመረመርኩ እኔ ነኝ። (ሳቅ) እና ይህን ሁሉ ዓመት አፍነሽ ያዝሽው? ለማንም ሳትነግሪ?

የዝና ከጓዳ፦ «ለእኔማ ገና በሰርጉ ማግስት ነግራኛለች።»