የሲኒማ ቤቱ አስተርጓሚ

ባሌ ከሞተ ወዲህ ታክሲ ውስጥ የሰው ወሬ አዳምጣለሁ። ዛሬ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ቁልቁል ስንወርድ አንዲት ሴት አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ አወቀቻቸው።

«አባባ፣ እርስዎ ሲኒማ ቤት የህንድ ፊልም በጋሞኛ ይተረጉሙልን አልነበር?»

«ነበር። ቤቱ እንኳ ፈርሶ ሞባይል መሸጫ ሆኗል።»

«ልጅቷ ለአባቷ ‹ሀብታሙን አላገባም፣ የምወደው ሸማኔውን ነው› ያለችውን ያስታውሳሉ?»

«እኔ ህንድኛ መች አውቅና። ፊቷን እያየሁ ከራሴ ነበር የምናገረው።»

«ጉድ ሠርተውኛላ። እኔ እኮ ያንኑ ለአባቴ ተናግሬ ነው የጨንቻውን ሸማኔ ያገባሁት።»

«ውይ ልጄ። ታዲያ ተስማማችሁ?»

«ዛሬም መናኸሪያ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።»

«እንግዲያው ትርጉሜ ልክ ነበር።»

ታክሲው መናኸሪያ ሲደርስ ከእሷ ቀድሜ በመስኮቱ ሰውየውን ፈለግሁት።