ከደንበኛዬ የገዛሁት ቀሚስ

ከመቱ ወደ ሁሩሙ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ቀሚስሽ ሲያምር! ራስሽ ሰፋሽው?»

«ሰፋሁት፤ ከዚያ ሄጄ ከሱቅ ገዛሁት።»

«የራስሽን ስፌት?»

«ዲዛይኑ የደንበኛዬ የባለሱቋ ነዋ። የአንዱን ሱቅ ሞዴል ለሌላ አልሰጥም፣ እኔም አልሸጥም ስለምል ነው ባለሱቆቹ ሥራ የሚያመጡልኝ።»

«ዋዮ! አንድ ለራስሽ ብትሰፊ ማን ያውቅብሻል?»

«ሠራተኞቼ ያዩኛል። ዛሬ እኔ አንድ ባወጣ፣ ነገ እነሱ ያወጣሉ። ከዚያ ማን ያምነኛል?»

«እሺ፣ ቅናሽስ አላደረገችልሽም?»

«ብለምናት፣ ‹ሰፊዋ ውድ ናት፣ አያዋጣኝም› ብላ እምቢ አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ምን እላለሁ? ውዷ እኔው ነኝ! ከፍዬ ወጣሁ።»

እኔ ሁሩሙ እስክንደርስ፣ ይሄንንስ ማን ሰፍቶት ይሆን እያልኩ የለበስኩትን ኮት ስፌት ስዳብስ ቆየሁ።