ስሙ ያው፣ ሆዱ ሌላ

የደም ባንኩ የግዢ ኃላፊ የወንድማቸውን ልጅ ከኮምፒውተር መደብሩ ደጃፍ ድንገት አገኟት። የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር የምትጠብቀው እሷ ናት።

«ምነው ቢሮውን ጥለሽ? ቆመ እንዴ?»

«አልቆመም ጋሼ። ግን ከጠዋት ወዲህ ሁለቴ ጠፍቶ ተነሥቷል። ኬብል ልገዛ ነው የመጣሁት፤ እርስዎስ?»

«አዲሱን ልወስድ ነዋ! ስሙም ሞዴሉም ከአሮጌው ጋር ያው ነው።»

ሆስፒታሎች የትኛው ደም የት እንዳለ የሚያዩበት ድረ ገጽ ያለው በዚያ ሰርቨር ላይ ነው። እሱ ሲተኛ ሐኪሙ ስልክ ለስልክ ይንከራተታል፤ ደም የሚፈሰው ሰው ደግሞ ጊዜ የለውም። ኃላፊው ይህን ስለሚያውቁ ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልዋጥ ብሏቸዋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከኔትወርክ የሚያገናኘው ካርድ ቺፕ የቱ እንደሆነ ጠይቀዋል? የእኛ ሰርቨር የሚሠራው በዩኒክስ መሰል ሥርዓት ነው፤ ኮምፒውተሩን የሚያዘው ፕሮግራም ማለቴ ነው። ሥርዓቱ የሚያውቃቸው ዕቃዎች ዝርዝር አለ፤ ከዚያ ውጪ ያለውን ሊያሠራው አይችልም።»

«ባለሱቁን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ቃሌንም ሰጥቼዋለሁ። አሁን ልፈትሽ ብለው ሌባ ነህ እንደማለት አይሆንም?»

ማጣራትን ከስድብ የምንቆጥር እኮ ብዙ ነን። ተሳስተን ከማፈር ይልቅ ጠይቀን ማፈር ያስፈራናል።

«ባለሱቁም ቢሆኑ ውስጡን አላዩትም። ፋብሪካው ስሙን ሳይነካ ሆዱን ይቀይራል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ማሸጊያው ከተቀደደ ደግሞ አይመለስም። ሥርዓቱ በዚህ ፍላሽ ላይ አለ፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ።»

ገብተው ሲጠይቋቸው ባለሱቁ አልተቀየሙም፤ ከዚያው ጭነት የመጣ የማሳያ ሰርቨር አቀረቡላት። ፍላሹን ሰክታ አስነሣችው። ዲስኩ ታወቀ። የኔትወርክ ካርዱ ግን ከነጭራሹ አልታየም።

«መብራቱ በርቷል እኮ!» አሉ ኃላፊው፣ ካርዱ ላይ የበራውን እያመለከቱ።

«መብራት ማብራትማ ያበራል፤ ሥርዓቱ ግን አላወቀውም።»

በዚህ መሃል የልጅቷ ስልክ ጮኸ። አሮጌው ሰርቨር ለሦስተኛ ጊዜ ጠፍቶ አልነሣ ብሏል። ኃላፊው ያንን የታሸገ ሣጥን ይዘው ሄደው ቢሆን ኖሮ ብለው አሰቡና አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ባለሱቁ ከመጋዘን ያለፈው ዓመት የኔትወርክ ካርድ አወጡ። ልጅቷ የቺፑን ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር አስተያየች፤ ሰካችው፤ ታወቀ።

«ሰው ፊት ፈተሽኩህ፤ አትቀየመኝ» አሉ ኃላፊው።

«ምን ያስቀይመኛል? ዛሬ ስሜን አተረፉልኝ እንጂ!»

አዲሱ ሰርቨር ያ ካርድ ተሰክቶለት ቢሮ ገብቶ የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ ሲገለበጥበት ማንም ቁጭ አላለም። ድረ ገጹ በተነሣ በአራተኛው ደቂቃ አንድ ሆስፒታል ለወላድ የሚሆን ደም ፈለገ፤ የት እንዳለም አገኘ። ኃላፊው በግዢ ቅጹ ላይ «ዕቃው ከዝርዝሩ ጋር ተመሳክሯል፤ በፍላሽም ተሞክሯል» የሚል መስመር በእጃቸው ጨመሩ። ከዚያ ወዲያ ያለዚህ መስመር አልፈርምም አሉ፤ ተገዝቶ ሳይሠራ መጋዘን የሚቆለፍበት ዕቃም ቀረ።

የዚያን ቀን ግን ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ራበኝ።»