የናሙናው በግ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ክቡራትና ክቡራን የቄራው ባልደረቦቼ፤ ለስንብት ምሳውም ለግድግዳ ሰዓቱም አመሰግናለሁ። ሥራ ለጨረሰ ሰው ሰዓት መስጠት መቼም የእናንተ ነገር ነው። «ጥሩ ጥሩውን ብቻ ተናገሪ» ተብዬ ተመክሬ ነበር። ጥሩው ይኸው አለቀ።

«እትዬ ባክቴሪያ» እያላችሁ ስትጠሩኝ የማልሰማ ይመስላችኋል? የላቦራቶሪው ግድግዳ ስስ ነው። ስሙን አልጠላሁትም። ግን እስከ ዛሬ አንዳችሁም ምን ማለት ነው ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም። አሁን ጠግባችሁ ተቀምጣችኋልና ልንገራችሁ።

በግ ራሱ ሳይታመም ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ በአንጀቱ ተሸክሞ ይዞራል። መኪና ላይ ተጠቅጥቆ ሲመጣ፣ ማቆያው በረት ውስጥ ሲያድር፣ አንዱ በሌላው ላይ ኩሱን ይጥላል። በጠጡ ጠጉሩ ላይ ይደርቃል። ከዚያ ቢላዋው ከጠጉሩ ወደ ሥጋው ያሻግረዋል። በረቱን እጠቡ፣ አታጨናንቁ፣ የቆሸሸውን ለዩ እያልኩ ጉሮሮዬ ነቃ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ ምን አሉኝ?

«የታመመ በግ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ አንቺን ምን አመመሽ?»

ከዚያ መላ ተዘየደ። ናሙና ልወስድ ጥጤን ይዤ በሄድኩ ቁጥር፣ የበረቱ ኃላፊ አንድ በግ አቁሞ ይጠብቀኛል። በሳሙና የታጠበ፣ ደረቅ ጭድ ላይ ለብቻው የሚያድር በግ። «እትዬ፣ ምን አደከመዎት? አዘጋጅተንልዎታል» ይላል። ሌላውን ልንካ ስል፣ «የተፈቀደው ይኼ ነው።» ሌሎቹ ማታ ገብተው ጠዋት ሲታረዱ እሱ ይሰነብታል። ከእኔ ቀጥሎ የግቢው አንጋፋ ሠራተኛ እሱ ነበር፤ የደረጃ ዕድገት የተነፈገው እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። ውጤታችን ንጹሕ ነው ተባለ፣ ተጨበጨበ። እናንተም አጨበጨባችሁ። እያየኋችሁ።

ቆዳ ገፋፊያችን እዚያ ጥግ ተቀምጧል። ከዚሁ ከቄራው ሥጋ ገዝቶ ቤቱ ወሰደ። ልጁን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዛት፤ አሁን ኩላሊቷ ደክሞ ሆስፒታል ተኝታለች። ገና ትምህርት ቤት እንኳ ያልገባች ልጅ ናት። ምን አላችሁት? «ውኃው ይሆናል።» አዎ፣ ውኃው። ሐኪሞቹ ልጅቷ ላይ ያገኙትን ባክቴሪያ፣ እኔም ተደብቄ ከሌሎቹ በጎች በወሰድኩት ናሙና አገኘሁት። እናንተ ፊት ልቅለስ? አላለቅስም፤ ተናድጃለሁ።

ለጤና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ነግሬያለሁ። ነገ ጠዋት ይመጣሉ።

የበረቱ ኃላፊ፣ ወንድሜ፣ ተቀመጥ፤ ሳሙና ፍለጋ አትሩጥ። በጉን ዛሬ ጠዋት ለዚህ ምሳ አሳርጄዋለሁ። አሁን የበላችሁት እሱን ነው። አትደንግጡ፤ ከዚህ ግቢ ለሰው ለማብላት የደፈርኩት ሥጋ እሱን ብቻ ነው። ነገ ናሙና የሚሰጡት ሌሎቹ ናቸው።

እንግዲህ መርቄያችሁ ልውረድ። ልጅቷን እግዚአብሔር ይማርልን፤ አባቷንም ያበርታው። ለእናንተ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ከዚህ በረት የሚወጣውን ሥጋ ለልጆቻችሁና ለልጅ ልጆቻችሁ በገዛ እጃችሁ የምታበሉ ያድርጋችሁ።

ምነው? አሜን በሉ እንጂ።